ካርዱ፦ ስሙን ከፋብሪካው ለመነጠል የሞከረ ውስኪ

በ2003 በስፔንና በሌሎች ጥቂት የአውሮፓ አገሮች በሚሸጥ አንድ የስኮትላንድ ውስኪ መለያ ላይ አንዲት ቃል ተቀየረች (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውስኪው ካርዱ ይባላል። ጠርሙሱ ያው ነበር፣ ስሙም ያው፣ «12 ዓመት» የሚለው ቁጥርም ከቦታው አልተነሳም። «ሲንግል ሞልት» ይል የነበረው ጽሑፍ ብቻ «ፒዩር ሞልት» ሆነ። በዚያች ቃል ሰበብ የስኮትላንድ ውስኪ አምራቾች እርስ በርስ ተወነጃጀሉ፤ ባለቤቱ ዲያጆ፣ የዓለም ትልቁ የአልኮል መጠጥ ኩባንያ ሆኖ ሳለ፣ በወራት ውስጥ ምርቱን ለማንሳት ተገደደ፤ ከስድስት ዓመት በኋላም ሕግ ወጣ።

ይህ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ደንበኛን ያታለለ ኩባንያ እንዴት እንደተቀጣ ለማሳየት ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ደንበኛው ያን ያህል አልጮኸም። የጮኹት ተፎካካሪዎቹ ናቸው። ለምን እንደጮኹ ለመረዳት መጀመሪያ ምርቱን፣ ቀጥሎም የበርሜሉን ስሌት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሞልት ማለት ብቅል ነው። የብቅል ውስኪ የሚሠራው ከገብስ ብቅል፣ ከውሃና ከእርሾ ብቻ ነው። ብቅሉ ይፈጫል፣ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ስኳሩ ይወጣል፣ ፈሳሹ በእርሾ ይብላላና 8 ከመቶ ገደማ አልኮል ያለው ድፍድፍ ይሆናል። ይህ ድፍድፍ በትላልቅ የመዳብ ጋኖች ሁለት ጊዜ ይነጠራል። በሁለተኛው ንጠራ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ኃይለኛና የሚሰነፍጥ ክፍል፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣውም ደካማና የሚከብድ ክፍል ተለይተው እንደገና ለመነጠር ይመለሳሉ፤ ወደ በርሜል የሚገባው መሃሉ ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው መርሁን ያውቀዋል። ልዩነቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው፦ ስኮትላንድ ውስጥ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት ያልተኛ መጠጥ ስኮች ተብሎ ሊሸጥ አይችልም።

ሲንግል ሞልት ሲባል ይህ ሁሉ የተከናወነው በአንድ ፋብሪካ ነው ማለት ነው። የአንድ በርሜል ውስኪ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፤ አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ በመቶ የሚቆጠሩ በርሜሎች ሊቀላቀሉ ይችላሉ፣ ስሙም ሲንግል ሞልት እንደሆነ ይቀራል። ከሁለት ፋብሪካ የመጡ ከተቀላቀሉ ግን አይሆንም። በንግዱ ቋንቋ ያኛው በዚያን ጊዜ «ቫትድ ሞልት» ይባል ነበር። በውስጡ አንድም ጠብታ የሌላ እህል ውስኪ የለም፣ ሁሉም ብቅል ነው፤ ግን የአንድ ቦታ አይደለም።

ፋብሪካው

ካርዱ የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ ስፔይሳይድ በሚባለው አካባቢ፣ ኖካንዱ መንደር አቅራቢያ ነው። ጆን ከሚንግ ካርዶው የተባለውን እርሻ በ1811 ተከራዩ፤ ብዙም ሳይቆይ ያለ ፈቃድ ውስኪ ማውጣት ተጀመረ። በ1816 ብቻ ሦስት ጊዜ ተፈርዶባቸዋል። ሥራውን በዋናነት የሚያንቀሳቅሱት ግን ባለቤታቸው ሄለን ነበሩ። በቤተሰቡ ትውፊት እንደሚነገረው የኤክሳይስ ግብር ሰዎች ወደዚያ ሲመጡ ሄለን በእንግድነት ተቀብለው ምግብ ያቀርቡላቸዋል፤ እነሱ ሲበሉ ወጣ ብለው ጎተራው ላይ ቀይ ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ ባንዲራውን ያዩ ጎረቤቶች ሁሉ ዕቃቸውን ይደብቃሉ።

በ1823 የወጣው የኤክሳይስ ሕግ ነገሩን ገለበጠው። የፈቃድ ክፍያው በዓመት 10 ፓውንድ ሆነ፣ በምርቱ ላይ የሚጣለው ቀረጥም በጣም ቀነሰ። በድብቅ ከመሥራት ይልቅ ፈቃድ ማውጣቱ አዋጭ ሆነ፤ ከሚንጎችም በ1824 አወጡ። የስፔይሳይድ ስመ ጥር ፋብሪካዎች የምሥረታ ዓመት ብዙ ጊዜ በዚህ ዘመን ዙሪያ የሚወድቀው በአጋጣሚ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሥራ በመዝገብ የሚገኘው በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ነው።

ቀጥሎ ልጃቸው ሉዊስ ወረሱ። እሳቸው በ1872 ሲሞቱ ሥራው በባለቤታቸው በኤልዛቤት ከሚንግ እጅ ገባ። ፋብሪካውን ከእርሻ ቤት ሥራ ወደ እውነተኛ ፋብሪካ ያሳደጉት እኚህ ሴት ናቸው። በ1884 አጠገቡ አዲስ መሬት አግኝተው ትልቅ ፋብሪካ አስገነቡ፤ አሮጌዎቹን ጋኖች፣ ወፍጮውንና በውሃ የሚዞረውን መዘውር ደግሞ ደፍታውን በምትባለው ከተማ ፋብሪካ ሊያቋቁም ለተነሳ ዊሊያም ግራንት ለተባለ ሰው ሸጡለት። ዋጋው 119 ፓውንድ ከ19 ሺሊንግ ከ10 ፔንስ ነበር፤ 120 ፓውንድ ሊሞላ ሁለት ፔንስ የጎደለው። ግራንት በዚያ ዕቃ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1887 የገና ዕለት የመጀመሪያውን ምርት አወጣ። ስሙ ግሌንፊዲክ ነው። የዚህ ሰው ቤተሰብ ኩባንያ ከ116 ዓመት በኋላ በካርዱ ላይ የተነሳውን ዘመቻ ይመራል።

ኤልዛቤት በ1893 ፋብሪካውን ለጆን ዎከር ኩባንያ በ20,500 ፓውንድ ሸጡት፤ ቤተሰቡም በሥራ አመራሩ ቀጠለ። ዎከር ቀድሞውንም ደንበኛቸው ነበር። ጆኒ ዎከር ቅልቅል ውስኪ ነው፦ የብዙ ፋብሪካዎች የብቅል ውስኪ በሌላ እህል ከተሠራ ቀለል ያለ ውስኪ ጋር ይዋሃዳል። ካርዱ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ፣ ጭስ የማይሸት በመሆኑ ለዚያ ቅልቅል ተስማሚ ነበር። ከዚያ ወዲህ የካርዱ ምርት አብዛኛው ወደ ጆኒ ዎከር የሚሄድ ነው። ይህን እውነታ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ኋላ ለሚመጣው እጥረት ግማሹ ማብራሪያ ይኸው ነው።

ዎከር በ1925 ዲስቲለርስ ከተባለው ግዙፍ ኩባንያ ጋር ተዋሃደ፤ ዲስቲለርስን ጊነስ በ1986 ገዛው፤ ጊነስ በ1997 ከግራንድ ሜትሮፖሊታን ጋር ሲዋሃድ ዲያጆ ተወለደ። (ኢትዮጵያ ውስጥ ዲያጆ የሚታወቀው በሌላ በር ነው፤ ሜታ አቦ ቢራን በ2012 ከመንግሥት ገዝቶ በ2022 ሸጦ እስኪወጣ ድረስ አሥር ዓመት ይዞት ነበር።) በመሃሉ በ1960 እና በ1961 ፋብሪካው ታድሶ ጋኖቹ ከአራት ወደ ስድስት አደጉ፤ ሦስቱ ለመጀመሪያው ንጠራ፣ ሦስቱ ለሁለተኛው። ውስኪው ራሱን ችሎ በጠርሙስ መሸጥ ሲጠነክር ደግሞ በ1981 የፋብሪካው ስም ከካርዶው ወደ ካርዱ ተለወጠ። ፋብሪካው የጠርሙሱን ስም እንዲይዝ ተደረገ ማለት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ይህንኑ እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሱታል።

የበርሜሉ ስሌት

ካርዱ የበረታው ስፔን ውስጥ ነው። እዚያ ውስኪ በረዶ ሞልቶበት ወይም ከኮላ ጋር በረጅም ብርጭቆ መጠጣት የተለመደ ነው፤ ለስላሳው ካርዱም ለዚህ ተስማማ። ፍላጎቱ ከዓመት ዓመት አደገ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይም ባለ 12 ዓመት በርሜል ማለቅ ጀመረ።

ቢራ ቢሆን ኖሮ ማምረቻውን ማስፋት በቂ ነበር። እዚህ ግን በ2003 የሚሸጥ ባለ 12 ዓመት ውስኪ የግድ በ1991 ወይም ከዚያ በፊት የተነጠረ መሆን አለበት። የሚቻለውን መጠን የወሰነው ከአሥር ዓመት በፊት የነበረ ሥራ አስኪያጅ ነው። ያ ዘመን ደግሞ አምራቾች የሚፈሩበት ዘመን ነበር፦ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስኮትላንድ ገዢ ያጣ ውስኪ ተከማችቶባት፣ ዲስቲለርስ በ1983 እና በ1985 ከሃያ በላይ ፋብሪካዎችን ዘግቷል። ከዚያ ድንጋጤ ወጥቶ ለማይታወቅ የስፔን ገበያ በርሜል የሚያስቀምጥ አልነበረም።

መጠኑን በቁጥር እናውርደው። 250 ሊትር የሚይዝ ሆግስሄድ የሚባል በርሜል በተለመደው 63.5 ከመቶ ጥንካሬ ሲሞላ 159 ሊትር ገደማ ንጹህ አልኮል ይዟል። በዓመት 2 ከመቶ ይተናል ብለን እንያዝ፤ በስኮትላንድ በተለምዶ የሚታሰበው ይኸው ነው። ከ12 ዓመት በኋላ 125 ሊትር ገደማ ይቀራል። አንድ ባለ 70 ሳንቲሊትር ጠርሙስ በ40 ከመቶ 0.28 ሊትር ንጹህ አልኮል ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ በርሜል 445 ጠርሙስ ገደማ ይሰጣል። ገበያው ባለ 12 ጠርሙስ 100,000 ካርቶን ተጨማሪ ቢጠይቅ 1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ ነው፤ ማለትም ከ12 ዓመት በፊት ለዚሁ ተብለው የተቀመጡ 2,700 ያህል በርሜሎች። ካልተቀመጡ የሉም።

በርሜል ቢኖርም አሳልፎ የሚሰጠው ጆኒ ዎከር ነው። በየዓመቱ በሚሊዮን ካርቶን የሚሸጥ ቅልቅል ጣዕሙ እንዳይናወጥ ድርሻውን ይፈልጋል፤ ለአንድ አገር ሲንግል ሞልት ብሎ ያንን ማናጋት ማንም ቀላቃይ የሚፈቅደው ነገር አይደለም።

ምን አማራጭ ነበር?

ዋጋ መጨመር አንዱ ነው። ፍላጎቱን ያቀዘቅዛል፣ በእጅ ያለውንም በርሜል የበለጠ ያስከፍላል። ግን ብዙ ጠርሙስ በመሸጥ ለቆመ ገበያ መራር መድኃኒት ነው፤ መደርደሪያው ላይ የሚለቀቀውን ቦታ ተፎካካሪ በማግስቱ ይይዘዋል። ሁለተኛው የዕድሜ ቁጥሩን ማንሳት ነው። ያኔ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሞላቸውን በርሜሎች መጨመር ይቻላል፤ ውስኪው ሲንግል ሞልት እንደሆነ ይቀራል። ነገር ግን በዚያ ዘመን «12» የጥራት ማረጋገጫ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሦስተኛው በኮታ ማከፋፈል ነው፤ ከሁሉም ሐቀኛው፣ ከሁሉም ደግሞ ለሻጭ የማይጥም። አራተኛው፣ ከሌሎች ፋብሪካዎች ብቅል ውስኪ ጋር ቀላቅሎ በአዲስ ስም ማውጣት ነበር።

ዲያጆ የመረጠው አራተኛውን ነው፤ አዲሱን ስም ትቶ። በዚያን ጊዜ ከ25 በላይ የብቅል ውስኪ ፋብሪካዎች ነበሩት፤ ባለ 12 ዓመት በርሜል በሌሎቹ መጋዘኖች ውስጥ አልጠፋም። ከካርዱ ጋር በጣዕም የሚቀራረቡትን መርጦ ቀላቀለ። መለያው ላይ «ሲንግል» በ«ፒዩር» ተተካ። ካርዱ የቦታ ስም ሆኖ ከቀጠለ ከሌላ ቦታ የመጣ ውስኪ በዚያ ስም ሊሸጥ አይችልምና ፋብሪካው ራሱ ወደ ድሮ ስሙ፣ ወደ ካርዶው ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ካርዱ ቦታ ሳይሆን የንግድ ስም ብቻ ነው ተባለ።

በጊዜው ሕጉ ይህን አልከለከለም። የ1988ቱ የስኮች ውስኪ ሕግና የ1990ው ደንብ ስኮች ምን እንደሆነ ደንግገዋል፤ ሲንግል ሞልት የሚለው ቃል ግን የቆመው በንግዱ ልማድ ላይ ነበር። «ፒዩር ሞልት» ደግሞ ፈጽሞ ያልተበየነ ቃል ነው፤ ግሌንፊዲክ ራሱ ሲንግል ሞልት ሆኖ ሳለ በቀድሞ መለያዎቹ ላይ ይህንኑ ቃል ሲጠቀምበት ኖሯል። ችግሩም እዚህ ላይ ከፋ፦ ቃሉ ለገዢ ጆሮ ከ«ሲንግል» ያነሰ ነገር አይመስልም። እንዲያውም «ንጹህ» ሲባል የተሻለ ይመስላል። በተመሳሳይ ጠርሙስ፣ በተመሳሳይ ቀለምና ስም የቀረበለት ሰው የተቀየረውን ነገር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ለምን ተፎካካሪዎች ጮኹ?

ዘመቻውን የመራው ዊሊያም ግራንት ኤንድ ሰንስ ነው። ሌሎችም ተከተሉ፤ ነገሩ ወደ ስኮች ውስኪ ማኅበር ቀረበ፣ ጋዜጦችም ያዙት። የዲያጆ መከራከሪያ ቀላል ነበር፦ ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ በልጧል፣ ጣዕሙ ተጠብቋል፣ መለያውም ሐሰት አይናገርም።

ግራንትን ያስፈራው ግን የካርዱ ጠርሙስ አልነበረም። ሲንግል ሞልት ከቅልቅል ውስኪ በላይ ዋጋ የሚጠየቅበት ምክንያት አንድ ነው፤ አንድን ቦታ የሚወክል መሆኑ ይታመናል፣ የዚያ ቦታ አቅም ደግሞ ውስን ነው። ይህን እምነት የገነባ አንድ ኩባንያ የለም፤ ሁሉም ያዋጡበት የጋራ ንብረት ነው። ከ25 በላይ ፋብሪካ ያለው ኩባንያ የአንዱን ስም ወስዶ ከሌሎቹ እየሞላ መሸጥ ከቻለ ስሙ ወሰን የለውም፤ ያለ ማቋረጥ ሊያድግ ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ፋብሪካ ያለው ቤተሰብ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። በበርሜሉ ቁጥር ታስሮ ይቀራል፣ ጎረቤቱ ደግሞ በዚያው ቃል ጥላ ሥር ይለጠጣል። ስለዚህ «ሸማቹ ተታለለ» የሚለው ክስ እውነትነት ቢኖረውም፣ ከሥሩ ያለው የንግድ ሥጋት ነበር። ይህን መናገር ክሱን አያረክሰውም፤ ሁለቱ ጥቅሞች ለአንድ ጊዜ ገጠሙ።

በውስኪው ጣዕም ላይ ግን ብዙ ክርክር አልነበረም። ከብዙ ፋብሪካ የተቀላቀለ የብቅል ውስኪ በራሱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ጎበዝ ቀላቃይ ከአንዱ የሚበልጥ ሊሠራ ይችላል። የዲያጆው ጆኒ ዎከር አረንጓዴ መለያ ራሱ እንዲህ ያለ ውስኪ ነው፣ ማንም አልተቃወመውም። ካርዱ ፒዩር ሞልትም በራሱ ስም ቢወጣ ኖሮ ምናልባት ዛሬም መደርደሪያ ላይ ይገኝ ነበር።

በዲሴምበር 2003 ዲያጆ በማኅበሩ ውስጥ ከተደረገው ንግግር በኋላ መለያውን አረንጓዴ አድርጎ ከቀድሞው ለመለየት ተስማማ። ይህ መሃል መንገድ ላይ የቆመ መፍትሔ ነበር። ቀለሙ ሲለወጥ «ምን ተለወጠ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ስሙ ካልተለወጠ ደግሞ የተቺዎቹ ክስ እንዳለ ይቆያል። ሁለቱንም ወገን አላረካም። በማርች 2004 ኩባንያው ምርቱን እንደሚያነሳ አስታወቀ። ካርዱም ሲንግል ሞልት ሆኖ ተመለሰ፣ ፋብሪካውም ካርዱ የሚለውን ስሙን መልሶ ያዘ። የበርሜሉ እጥረት ግን በዚህ አልተፈታም፤ ስለዚህ ያለውን ምርት ለጥቂት ገበያዎች ቆጥቦ መስጠት ግድ ሆነ። መጀመሪያ የተናቀው የኮታ አማራጭ በኋላ በር መጣ ማለት ነው።

ሕጉና መለያው

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ የቃላቱን ትርጉም ለመወሰን ተቀመጠ፤ ውጤቱም በኖቬምበር 23 ቀን 2009 ሥራ ላይ የዋለው የስኮች ውስኪ ደንብ ነው። «ፒዩር ሞልት» የሚለው ሐረግ ከስኮች መለያ ላይ ሙሉ በሙሉ ታገደ። የአንድ ፋብሪካ ስም የንግድ ስም ሆኖ ሊወጣ የሚችለው በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውስኪ በሙሉ እዚያ የተነጠረ ከሆነ ብቻ ነው ተባለ፤ ፋብሪካን መልሶ በመሰየም መውጫ መፈለግም ተዘጋ። ከኖቬምበር 2012 ጀምሮ ደግሞ ሲንግል ሞልት ስኮች በስኮትላንድ ካልታሸገ በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም።

ለገዢ የሚጠቅመው ክፍል አምስቱ ዓይነቶች በግድ መለያው ላይ እንዲጻፉ መደረጉ ነው። ሲንግል ሞልት የአንድ ፋብሪካ ብቅል ነው። ብሌንድድ ሞልት የድሮው ቫትድ ሞልት ነው፦ ሁሉም ብቅል፣ ግን ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፋብሪካ። ብሌንድድ ስኮች ብቅሉ ከሌላ እህል ውስኪ ጋር የተዋሃደበት ነው፤ ጆኒ ዎከር ቀይና ጥቁር መለያ እዚህ ይገባሉ። ሲንግል ግሬንና ብሌንድድ ግሬን የሚባሉትም አሉ፤ ገበያ ላይ ብዙም አይገኙም። ስለዚህ ጠርሙስ ሲገዛ በትልቁ ከተጻፈው ስም በፊት ይህችን በትንሹ የተጻፈች መስመር ማንበብ ይጠቅማል። የዕድሜ ቁጥር ካለ በውስጡ ያለውን የትንሹን ውስኪ ዕድሜ ነው የሚናገረው፤ አማካይ አይደለም። «ፒዩር ሞልት» የሚል ጠርሙስ ዛሬ ከታየ ስኮች አይደለም ማለት ነው፤ ለምሳሌ የጃፓኑ ኒካ ታኬትሱሩ ቃሉን ይጠቀምበታል፣ የስኮትላንድ ደንብ እዚያ አይደርስም።

ካርዱ ዛሬ በዓመት 3.4 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ንጹህ አልኮል የማምረት አቅም አለው። ዲያጆ በ2018 ለስኮትላንድ ውስኪ ጎብኝዎች ባቀደው የ150 ሚሊዮን ፓውንድ ሥራ ውስጥ ፋብሪካው «የጆኒ ዎከር ቤት በስፔይሳይድ» ተብሎ በ2021 ለጎብኝዎች ተከፈተ። ብራንዱ አሁን የሚነግረው ታሪክ የሄለንና የኤልዛቤት ነው፤ ባንዲራ የያዘች ሴት ምስል ከካርዱ ጠርሙስ ላይ ትታያለች።

ከባለ 12፣ ከባለ 15 እና ከባለ 18 ዓመቱ ጎን ደግሞ ጎልድ ሪዘርቭና አምበር ሮክ የሚባሉ ካርዱዎች ወጥተዋል። ሁለቱም ሲንግል ሞልት ናቸው፣ ሁለቱም የዕድሜ ቁጥር የላቸውም። ወጣት በርሜልና አሮጌ በርሜል አብረው ሊገቡ ይችላሉ፣ ሁሉም ግን ከአንዱ ፋብሪካ። በ2003 ስፔናዊ ገዢ ይሸሻል ተብሎ የተተወው አማራጭ ይኸው ነበር።